አንድ ዓመት፣ ብዙ ባለውለታ



አልሐምዱሊላህ፣ የ2017 የትምህርት ዘመን ሊጠናቀቅ ነው። ሻንጣችንን ይዘን ግቢው በር ላይ ግራ ተጋብተን የቆምን ፍሬሾች፣ ዛሬ የመጨረሻዎቹን ፈተናዎች እየተፈተንን ነው። ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት ግን አንድ ነገር እናንሳ፤ ያለብን ውለታ ብዙ ነው።

የመጀመሪያዋን ቀን እናስታውስ። ከመናኸሪያ ተቀብለው፣ ሻንጣችንን ተሸክመው ዶርም ያደረሱን ከዚያ በፊት አይተናቸው የማናውቅ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ። መስጂዱን አሳዩን፤ ብርድ ልብስ ላልያዘ የራሳቸውን ሰጡ። ማትስ ሲከብደን የራሳቸው ፈተና እያለባቸው ከዒሻ በኋላ ቁጭ ብለው አስጠኑን።

የካቲት 22 ረመዳን ሲገባ፣ ብዙዎቻችን ከቤተሰብ ርቀን ስንጾም የመጀመሪያችን ነበር። ከካፌ በጊዜ የወሰድነው እራት መግሪብ እስኪደርስ ይቀዘቅዝብናል። የሰፈሩ እናቶች ግን ትኩስ ሾርባና ሳምቡሳ ወደ መስጂድ እየላኩ አስፈጠሩን። ሱሁር ሊያመልጠን ሲል ደግሞ “ተነሱ እንጂ፣ ሊነጋባችሁ ነው!” ብሎ የቀሰቀሰን ክርስቲያኑ የዶርም ጓደኛችን ነው። እሱም ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። በአንድ ዶርም ሁለት ጾም ተጾመ፤ ማንም በማንም ላይ አልከበደም።

ሰዎችን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን እንላለን።

የሚቆረቁረንንም መናገር አለብን። በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። ከሰፍ መጉደሉን ያስተዋልነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ስንደውልለት ብር አጥሮት፣ ውጤቱም ወርዶ፣ ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት እንደነበር ነገረን። ለሃንድአውት ያጣው ብር እኛ በሳምንት ለሻይ ከምናወጣው አይበልጥም። አጠገቡ ሰግደናል፤ “እንዴት ነህ?” ብለነዋል፤ መልሱን ግን ቆመን አልሰማንም።

እኛ እንደምናምነው የዘንድሮው ምስጋናችን የሚፈተነው አዲሶቹ ተማሪዎች ሲመጡ ነው። እኛን የተቀበሉን ሲኒየሮች ተመርቀው ይሄዳሉ፤ ቦታቸው ባዶ ከቀረ ውለታቸውም እኛ ላይ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ እንነጋገር። ማን መናኸሪያ ይቆማል? ማን ማትስ ያስጠናል? ያለፍንባቸውን ሃንድአውቶች ከመጣል ለጀመዓው እናስቀምጥ። ከሰፍ የጎደለን ሰው ደግሞ በዚያው ቀን እንጠይቅ፤ ሁለት ሳምንት አንጠብቅ።

ከመካ ተሰደው የመጡትን ሰሓቦች በክብር የተቀበለው የነጃሺ አገር ልጆች ነን። እንግዳ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የሄደውን ወንድማችንን በመስከረም እንዲመለስ እየጎተጎትነው ነው፤ በዱዓ አትርሱት። አላህ ሁላችንንም በሰላም ወደ ቤተሰቦቻችን ያድርሰን፤ በሰላምም ይመልሰን። አሚን።