ፋጡማ ሮባን አትዝለሏት

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሴት ሯጮቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ደራርቱ ቱሉ የተጻፈው አንጀት የሚበላ ነው፤ ስለ ጥሩነሽ ዲባባና ስለ መሠረት ደፋርም የሚገባቸውን ያህል ብላችኋል። ነገር ግን ከባርሴሎና ተነስታችሁ ሲድኒ ስትገቡ አትላንታን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋችኋት። ፋጡማ ሮባ የተጠራችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌሎች ስሞች ጋር ተደርድራ። ጉድለቱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን ከነሰዓታቸው ይነግሩኛል፤ ፋጡማን ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

እሑድ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የሆነውን ላስታውስ። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ መካሄድ ከጀመረ ገና 12 ዓመቱ ነበር፤ ከሎስ አንጀለስ በፊት ርቀቱ ለሴቶች ክፍት አልነበረም። የከተማዋን ሙቀት ለመሸሽ ውድድሩ በማለዳ ተጀመረ። የቦስተንን ማራቶን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችው ጀርመናዊቷ ኡታ ፒፒግ ገና ከጅምሩ ተፈትልካ ወጣች። የበቆጂዋ ልጅ ፋጡማ አልተደናገጠችም፤ በራሷ ፍጥነት ሮጠች። ፒፒግ ኋላ ላይ ውድድሩን አቋረጠች። ፋጡማ አንዴ ፊት ከወጣች በኋላ ግን የደረሰባት የለም። በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ስትገባ፣ የባርሴሎናዋ ሻምፒዮን ቫለንቲና ዬጎሮቫ መስመሩን የረገጠችው ልክ ሁለት ደቂቃ ቆይታ ነው። በፋጡማ አሯሯጥ ሁለት ደቂቃ ማለት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን እስከ ዛሬ እንዲህ አርቆ ያሸነፈ የለም። ከአትላንታ ወዲህማ በአንደኛዋና በሁለተኛዋ መካከል ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሞልቶ አያውቅም። ይህን ድል ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት፤ ዕድሜዋ ያኔ 22 ነበር።

ታዲያ እንዴት ተረሳች? እንደ እኔ ግምት ያሸነፈችበት የሩጫ ስልት ራሱ ሳይጎዳት አልቀረም። በማግስቱ ሰኞ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከፖል ቴርጋት ጋር ተናንቆ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ያ ሩጫ 27 ደቂቃ ልብ ሰቅሎ የሚያቆይ፣ በመጨረሻው ዙር የሚያስጮህ ነው፤ አሁንም ድረስ በየቴሌቪዥኑ ይታያል። ብቻዋን ርቃ የሄደች ሴት ግን ለካሜራ ትንቅንቅ የላትም። ኢትዮጵያ ከአትላንታ ይዛ የተመለሰችው ሁለት ወርቅና የጌጤ ዋሚን ነሐስ ነው። ከሁለቱ ወርቅ አንዱ የፋጡማ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

በዚያም አላበቃችም። እ.ኤ.አ. በ1997 ቦስተን ሄደች። ቦስተን ለእኛ ቀላል መንገድ አልነበረም፤ አበበ ቢቂላ እንኳ በ1963 እዚያ ሮጦ አምስተኛ ነው የወጣው። ፋጡማ ግን ፒፒግን በገዛ ሜዳዋ ቀደመቻት፤ በባርሴሎና ከደራርቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን የዞረችውን ኤላና ሜየርንም ሁለተኛ አደረገቻት። በ1998 በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ደገመች። በ1999 በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሠለሰች። የዚያን መንገድ ቁልቁለትና ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚመጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ በዓመት ልዩነት አራት ሰከንድ ብቻ ማለት ምን ዓይነት ልክ ማወቅ እንደሆነ ይገባዋል። ከእሷ በኋላ ድሬ ቱኔ፣ ጠይባ ኤርኬሶ፣ አጸደ ባይሳ፣ ወርቅነሽ ደገፋ ቦስተንን አሸንፈዋል። ሦስት ጊዜ ያሸነፈች ኢትዮጵያዊት ግን እሷ ብቻ ናት።

«ዘመኗ አጭር ነበር፣ ሜዳሊያዋም አንድ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሲድኒ ላይ ዘጠነኛ መውጣቷ እውነት ነው። ሆኖም የመም ሯጭ በአንድ ኦሊምፒክ 5 ሺህም 10 ሺህም ትሮጣለች፤ የማራቶን ሯጭ ያላት በአራት ዓመት አንድ ማለዳ ነው። በሜዳሊያ ብዛት ማወዳደር ለማራቶን ሯጭ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደራርቱን ዝቅ አድርጉልኝም አላልኩም፤ የደራርቱ ክብር የሚነካ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማራቶን በመም ላይ የደከመ ሯጭ የሚጠጋበት ጥላ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረን። ፋጡማ በመም ነግሣ የወረደች አይደለችም፤ በወጣት ጉልበቷ በጎዳና ሩጫ ነው ስሟን የተከለችው። በዚያው ዓመት ከአትላንታ በፊት ማራኬሽና ሮም ላይ ማራቶን አሸንፋለች። ዛሬ ከእንጦጦና ከሰንዳፋ ልምምድ ወጥተው በቀጥታ ወደ ጎዳና ውድድር የሚገቡት ሴት ልጆቻችን ፈር ቀዳጃቸው እሷ ናት። ቲኪ ገላና እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ያንን ወርቅ እስክትደግመው 16 ዓመት ፈጅቷል፤ ከሁለቱ በቀር በኦሊምፒክ ማራቶን ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣች ሴት የለችም። ትዕግሥት አሰፋ ፓሪስ ላይ ለጥቂት፣ በሦስት ሰከንድ ብቻ አመለጣት። ይህን ሁሉ ያለ ፋጡማ መተረክ፣ የወንዶቹን ማራቶን ያለ አበበ እንደ መጀመር ነው።

ስለዚህ አዘጋጁን የምጠይቀው በስህተት ማረሚያ ዓምድ ሁለት መስመር እንዲወጣልኝ አይደለም። ጋዜጠኛችሁን ላኩና ታሪኩን ከራሷ አንደበት፣ አብረዋት ከተለማመዱትም ጭምር አስነግሩን። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችንም በፋጡማ ስም የሚጠራ የሴቶች የጎዳና ውድድር በበቆጂ ቢያዘጋጅ፣ ሐምሌ 21 የተመቸ ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሔታችሁ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ