ሻምፒዮናው አለቀ፤ ጨዋታዎቹስ የት ገቡ?

የብሔራዊ የቼዝ ሻምፒዮና ዜና ቅርጹ የታወቀ ነው። ውድድሩ ተጠናቀቀ፤ እገሌ አንደኛ ወጣ፤ በሴቶች እገሊት አሸነፈች፤ ዋንጫውን የዕለቱ የክብር እንግዳ ሰጡ። ከዚያ አንድ ፎቶ፣ ከፎቶው በኋላ ዝምታ። በሳምንቱ «ማን ከማን ጋር ተጋጠመ? እንዴትስ አሸነፈ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ያንኑ ፎቶ ነው።

ይህ ለሌላ ስፖርት ሊያስኬድ ይችላል። ለቼዝ ግን የውጤቱን ትልቁን ክፍል ጥሎ መሄድ ነው።

በመደበኛው ሰዓት በሚካሄድ ውድድር እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱንም የተጋጣሚውንም እንቅስቃሴ እየተከታተለ በወረቀት እንዲመዘግብ የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ ያስገድደዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ነገር ይተርፋል፦ ነጥቡ እና ጨዋታው ራሱ። ነጥቡ ዋንጫው የማን እንደሆነ ይወስናል። ጨዋታው ደግሞ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የተደረገን ጨዋታ ነገ ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ሊያንቀሳቅሰው፣ «እዚህ ላይ ፈረሱን ባያወጣ ኖሮ» እያለ ከጓደኛው ጋር ሊከራከርበት ይችላል። መጽሐፍ መግዛት፣ አሠልጣኝ መቅጠር ለማይችል ልጅ ከዚህ የተሻለ ነፃ ትምህርት ቤት የለም።

ሌላው የደረጃ ጉዳይ ነው። አንድ ተጫዋች በዓለም አቀፉ መዝገብ የመጀመሪያ ነጥቡን ለማግኘት ደረጃ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ማድረግ አለበት። ውድድሩ አስቀድሞ በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል መመዝገብ፣ ሲያልቅም ውጤቱ መላክ አለበት። ግራንድማስተር ለመሆን ደግሞ 2500 ነጥብ መድረስና ሦስት ጊዜ መስፈርቱን ማሟላት ይጠይቃል። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሚጀምረው ግን ከአንድ በትክክል ከተሞላ ሠንጠረዥ ነው። ውጤቱ ያልተላለፈ ሻምፒዮና ትራንስክሪፕት እንደሌለው ፈተና ነው። ተፈታኙ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን የለውም።

«ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚል ካለ የሰንጠረዥን ታሪክ ያስታውስ።

ኢትዮጵያ የራሷ ቼዝ ነበራት። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቷቸዋል። እቴጌ ጣይቱም በበገናቸው ብቻ ሳይሆን በሰንጠረዥ ችሎታቸው ይነሳሉ። ጨዋታው የራሱ ሥርዓትም ነበረው። መክፈቻው «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል እጃቸውን እየሰደዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ንጉሡ በምን እንደተያዘም ለክብር ይቆጠር ነበር፤ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፣ አሸናፊው አሸናነፉን ማሳመር ነበረበት።

ዛሬ ይህን የሚጫወት የለም። ስለ ጨዋታው የሚታወቀው በአብዛኛው እንደ ሶልትና እንደ ቆንስል ፕላውደን ያሉ የውጭ ሰዎች ከጻፉት፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሰብስበው ካሳተሙት ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ዘመናቸውን ሙሉ ተጫውተዋል፤ ጨዋታቸው ግን አብሯቸው ተቀብሯል።

በዚያው በልብነ ድንግል ዘመን፣ የግራኝ ጦርነት አገሩን ሲያናውጥ፣ የጣና ደሴቶች ምን ያደርጉ እንደነበር ልብ ይሏል። መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ይሸሽጉ ነበር። ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ የሚደርስ ሰው ከዚያ ጦርነት በፊት የተጻፈ ብራና መኖሩን ይሰማል። ብራናው ያንን ሁሉ እሳት ያለፈው ጽፎ የሚያስቀምጥና የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል ለሐይቁ ዳርቻ ሰው ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በዓይኑ የሚያየው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንመለስ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሚሊዮኖች ሕፃናት ከክፍል ውጭ ሆነዋል። በመኪና መንገድ መጓዝ አስፈሪ ሆኗል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ቼዝ ሁለት ሰዎች በተለያየ ከተማ ቁጭ ብለው በስልክ ሊጫወቱት የሚችሉት ብርቅ ስፖርት ሆኖ ሳለ፣ ያቺ በር እንኳ በክልሉ ልጆች ላይ ተዘግታ ከርማለች።

ስለዚህ የአንድን ሻምፒዮና ሠንጠረዥ ስናነብ አናቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ማን አንደኛ ወጣ ከሚለው ጎን ማን ሳይመጣ ቀረ ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል። «ብሔራዊ» የሚለውን ስም ለውድድሩ የሚሰጠው ዋንጫው ወይም ባነሩ አይደለም። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከመቀሌ፣ ከነቀምት፣ ከጅግጅጋ የመጣ ልጅ እኩል ዕድል አግኝቶ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡ ነው። መንገድ የዘጋበት ተጫዋች የተሸነፈ አይደለም፤ ያልተቆጠረ ነው። ሙሉ ሠንጠረዥ ሲወጣ ይህ ክፍተት ይታያል። ፎቶ ብቻ ሲወጣ ይደበቃል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም ብዙ አያስኬድም። የባሕር ዳር ስታዲየም ግንባታ ምን ያህል ዓመትና ገንዘብ እንደፈጀ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በካፍ ከታገደ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ እንደተገደደ ሁሉም ያውቃል። ቼዝ የሣር ሜዳ፣ መብራትና የመልበሻ ክፍል አይጠይቅም። ጠረጴዛ፣ ሰዓት፣ ወረቀት፣ ዳኛ ይበቃዋል። ከካምፓላው የካትዌ ጉስቁል ሰፈር ፊዮና ሙቴሲ ለኦሊምፒያድ የበቃችው በስታዲየም አይደለም። ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌም ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያው ግራንድማስተር የሆነው ጨዋታዎቹ እየተመዘገቡ፣ ነጥቡ እየተቆጠረ ነው።

ምን ይደረግ? ሦስት ቀላል ነገሮች።

አንደኛ፣ ሻምፒዮናው ባለቀ በሳምንት ውስጥ ሙሉ ሠንጠረዡ ከነክልሉና ከነከተማው፣ ጨዋታዎቹም ከነሙሉ እንቅስቃሴያቸው በአንድ ፋይል ይለጠፉ። በቴሌግራም የሚላክ ትንሽ ፋይል ነው።

ሁለተኛ፣ መጓዝ ላልቻሉ ተጫዋቾች በየክልሉ ከተማ ዳኛ ባለበት አዳራሽ የማጣሪያ ውድድር ይዘጋጅ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ለዚህ የሚሆን አዳራሽም ወጣትም አያጣም።

ሦስተኛ፣ ሻምፒዮናው ተራ በተራ በየከተማው ይዙር፤ ሰላም ሲፈቅድ ጣና ዳር ይምጣ። የሐይቁ ልጅ የአገሩን ምርጥ ተጫዋቾች በዓይኑ ይይ።

የቼዝ ወታደር አንድ እርምጃ እያለ ሰሌዳውን ሲጨርስ ወደ ትልቅ ጠጠር ይለወጣል። በሰሌዳው ላይ እስካለ ድረስ ግን ነው። የሚቀጥለው ሻምፒዮና ሲያልቅ «ማን አሸነፈ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «ጨዋታዎቹ የት ይገኛሉ? እነማንስ ቀሩ?» የሚለው ግን መቅደም አለበት።