መብራቱ ለእንግዳ ነው ወይስ ለተማሪ?

እኔ በምኖርበት በላፍቶ ወደ ብዙ ቤቶች ስንገባ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን፡፡ እንግዳ በበዓል ቀን የሚቀመጥበት ሳሎን ኮርኒሱ በጂፕሰም አጊጦ፣ በዙሪያው ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ትንንሽ አምፑሎች ተደርድረውለታል፡፡ እናት ሽንኩርት የምትከትፍበት ወጥ ቤትና ልጆች የሚያጠኑበት ጓዳ ግን አንድ ደብዛዛ አምፑል በሽቦ ተንጠልጥሎባቸዋል፡፡ ታናሽ እኅቴ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ስታጠና ደብተሯን ይዛ ወደ ሳሎን ትመጣለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ትነሣለች፡፡ ቤትን ማሳመር የሚነቀፍ አይደለም፤ እንግዳ ማክበርም የአባቶቻችን ደንብ ነው፡፡ ነገር ግን የቤት መብራት ይታደስ በተባለ ጊዜ ሥራው ከጓዳ መጀመር አለበት የሚል አሳብ አለኝ፤ ይኸንንም እኛ ተማሪዎች በገዛ እጃችን ልንጀምረው እንችላለን፡፡

በፊዚክስ እንደ ተማርነው ከአምፑል ያለን ርቀት በሁለት እጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ የኮርኒሱ አምፑል ከደብተራችን 1.60 ሜትር ቢርቅና ያንኑ አምፑል በጠረጴዛ መብራት አድርገን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ብናቀርበው፣ በደብተሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ደግሞም ለኮርኒሱ አምፑል ጀርባችንን ሰጥተን ስንቀመጥ የራሳችን ጥላ በምንጽፈው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መብራቱን በግራው ያኑር፡፡ ለዚህ ሥራ ግድግዳ መቦርቦር አያስፈልግም፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ አንድ የጠረጴዛ መብራት ይበቃል፡፡ ተከራይ የሆነ ሰው ቤት ሲለቅ ይዞት ይሄዳል፤ የኮርኒሱ ጌጥ ግን ለአከራይ ይቀራል፡፡

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል፡፡ 60 ዋት የሚፈጅ ባለ ክር አምፑል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፡፡ በብርሃን የሚተካከለው ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል ግን 1.35 ብቻ ነው፡፡ አራት አምፑል የቀየረ ቤት በወር ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያተርፋል፡፡ አገራችን በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተሠራው የውኃ ኃይል ማመንጫ ከአባ ሳሙኤል ተነሥታ፣ በ2017 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ታላቁን የሕዳሴ ግድብ እስከ መመረቅ ደርሳለች፡፡ ይህን ያህል የተደከመበት ኃይል ባዶ ሳሎን ሲያበራ ማምሸቱ አያሳዝንምን?

አባቴ «ኤሌክትሪክ የልጅ ጨዋታ አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፡፡ 220 ቮልት ሰው ይገድላል፡፡ ስለዚህ አምፑል ለመቀየር ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ በአንዳንድ ቤት ሽቦው ተዛውሮ ስለሚገባ ማጥፊያው ጠፍቶም አምፑሉ የሚገባበት ቦታ ኃይል ይኖረዋል፡፡ ብሬከሩን ማውረድ፣ ማንም እንዳያነሣው ለቤቱ ሰው ሁሉ መናገር፣ አምፑሉ እስኪበርድ መቆየት፣ በማይወዛወዝ ነገር ላይ መቆም ይገባል፡፡ «መብራት ጠፍቷልና አሁን እንሥራው» የሚሉም አሉ፡፡ ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ የጠፋው መብራት በየትኛው ደቂቃ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? የጠቆረ ሶኬት፣ ብልጭ የሚል ማጥፊያ ወይም የተላጠ ሽቦ ካየን ግን እጃችንን ሰብስበን ባለሙያ እንጥራ፡፡

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ፡፡ የኦምን ሕግ በሰሌዳ ላይ ደኅና አድርገን እንሠራለን፤ የቤታችንን ብሬከር ግን ነክተን የማናውቅ ብዙዎች ነን፡፡ አንድ ሁለት ቅዳሜ ጧት፣ ኃይል ባልተያያዘበት ሳንቃ ላይ ማጥፊያና ሶኬት ተገጥሞ ብንለማመድ ምን ይጎዳል? ሴቶች ተማሪዎችም ከፊት ይቁሙ፤ በየቤቱ የትኛው ጥግ ብርሃን እንዳነሰው ከእኛ ከወንዶቹ ይበልጥ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፡፡