የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሁሉም ድርሻ ነው

ሚያዝያ 23 ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። በዚህ ዕለት በአራዳ በሚገኘው በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ዐውደ ምሕረት ከየአቅጣጫው የሚመጣ ምእመን ይሰበሰባል። ስእለቱን የሚያገባው፣ ጧፍና ዕጣን የሚያቀርበው፣ ለነዳያን የሚመጸውተው ብዙ ነው። ለመላው ምእመናን እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ እያልን፣ ዕለቱን ምክንያት በማድረግ አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። በዓሉ ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያንን አገልግሎት የሚሸከመው ማን ነው?

እንደሚታወቀው የዐድዋ ድል የተገኘው በሰማዕቱ ወርኀዊ በዓል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ ለዚሁ ድል መታሰቢያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተሠራ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ወራሪ እጅ በእሳት ተቃጠለ፤ ከነጻነት በኋላም ታደሰ። ይህን ያህል ዘመን የተሻገረው በነገሥታት ስጦታና በካህናት ጸሎት ብቻ አይደለም። ስሙ ያልተመዘገበ ምእመንም ድንጋይ ተሸክሟል፣ ውኃ ቀድቷል፣ ካለው ላይ ቆርሶ ሰጥቷል።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩንም ይህንኑ ነው። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደተሠራ ተጽፏል። ሥራውን የጀመሩት ሊቀ ካህናቱና ወንድሞቹ ካህናት ናቸው፤ የጨረሱት ግን ብቻቸውን አይደለም። ወርቅ ሠሪው፣ ሽቱ ቀማሚውና ነጋዴው ተራቸውን ይዘው ገንብተዋል። ከሴት ልጆቹ ጋር የሠራ አባት አለ። ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ጠግነዋል። ከኢያሪኮና ከሌሎች ከተሞች የመጡትም ከነዋሪዎቹ ጎን ቆመዋል። ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ ማድረግ ያልወደዱ የቴቁሐ ታላላቆች ግን በዚያው መጽሐፍ በትዝብት ተመዝግበው ቀርተዋል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በዕለት ተዕለቱ እደላ የተረሱ መበለቶች ስለነበሩ ነው። ማዕድ ማገልገል እንደ ትንሽ ነገር አልተቆጠረም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች ተፈልገውለታል። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያዪቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 እያንዳንዱ በተቀበለው ስጦታ ሌላውን እንዲያገለግል ያዝዛል። ከዚህ አንጻር አገልግሎት ለካህናት ብቻ የተተወ ነው ማለት ከመጻሕፍቱ ትምህርት ጋር አይስማማም። የቤተ ክርስቲያናችን ቃለ ዓዋዲም ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዋቀረው በዚሁ መንፈስ ነው።

ይህን ትምህርት ለአራዳ ሰው ማስረዳት አያዳግትም። የቀድሞው የአራዳ ገበያ የቆመው በዚሁ ደብር አጠገብ ነበር። የፒያሳም ስም ከወርቅ ሠሪዎችና ከነጋዴዎች ጋር አብሮ የሚነሣ ነው። በነህምያ ዘመን ቅጥሩን የሠሩት የሙያ ሰዎች ዓይነታቸው እዚሁ ሰፈር ኖሯል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘመኑ አዲስ ፈተና አምጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በርካታ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ከኖሩበት ቀዬ ተነሥተው ወደ ሌሎች የመዲናዪቱ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ደወል ሰምቶ በእግሩ ኪዳን ያደርስ የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ይኖርበታል። በአንድ ግቢ ሲዞር የኖረ የጽዋ ማኅበር አባላቱ በየአቅጣጫው ተበትነውበታል። ታቦቱ በመንበሩ አለ፤ የራቀው ጎረቤቱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ከዚያው ከነህምያ መጽሐፍ እናገኘዋለን። በቤቱ ፊት ለፊት የሠራውም፣ ከኢያሪኮ የመጣውም የአንድ ቅጥር ሠራተኞች ነበሩ። ስለሆነም አዲስ ሰፈር የገባው ምእመን በአቅራቢያው ያለውን አጥቢያ እንደ እንግዳ ሊያየው አይገባም። በሰበካ ጉባኤው ይመዝገብ፣ ልጆቹን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስገባ፣ የተበተነውን ጽዋ እዚያው ከአዲሶቹ ጎረቤቶቹ ጋር ያቋቁም። የቀድሞ ደብሩንም በክብረ በዓል ቀን ብቻ ከማስታወስ ይልቅ ድርሻውን በየወሩ ይወጣ። በአራዳ የቀሩትና አዲስ የመጡት ደግሞ የጎደለውን ቦታ ይሙሉ። ሒሳብ አዋቂው ሒሳቡን፣ ሐኪሙ ሕክምናውን፣ ግንበኛው እጁን ያበርክት፤ ጉልበት ያለው ግቢውን ይጥረግ። ከደጀ ሰላሙ የተቀመጡት አረጋውያን ከበዓል ማግስትም እንደሚራቡ አንዘንጋ።

በፒያሳ አደባባይ ሐውልታቸው የቆመው አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሀገራቸው ሰጥተዋል። ከእኛ ዛሬ የሚጠየቀው ግን የሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ከገቢያችን ጥቂት ድርሻ፣ ለተቸገረ ጎረቤትም የተዘረጋ እጅ ነው። ይህን መንፈግ የማይገባ ነው እንላለን።

መልካም በዓል!