ከቲነር ትነት ጥበቃ፦ የጨርቅ ጭምብልና የሕጉ ክፍተት
በመኖሪያ ግቢው ጋራዥ መኪና የሚቀባ ባለሙያ አፍንጫውን በጨርቅ ጭምብል በመሸፈኑ የተጠበቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ጨርቁ የቀለም ብናኝን በከፊል ቢያስቀርም በቲነር ውስጥ የሚገኘውን የቶሉይን ትነት አያግድም፤ ትነትን የሚይዘው በወቅቱ የሚለወጥ የአክቲቬትድ ካርቦን ማጣሪያ ነው። ትነቱ ከአየር 3 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድም ወለሉ አካባቢ ሊከማች ይችላል፤ በመሆኑም ከፍ ያለ መስኮት መክፈት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በሩም ሊከፈት፣ የእሳት ምንጭም ሊርቅ ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለራሱ የሚሠራው ግን አሠሪ ስለሌለው ከዚህ ጥበቃ ውጭ ይቀራል። ይህን ክፍተት ምክር ብቻ አይሞላውም። ቲነር ያለ መለያ በውሃ ጠርሙስ መቸርቸሩ ሊከለከል፣ ገዥው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍበት፣ ማጣሪያውም እዚያው ሱቅ እንዲገኝ ሊደረግ ይገባል።