ዝናቡ የማያውቀው ጥፋት

በራያዋ ቆቦ ከተማ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራ ማንሳት ሲጀምር ኔትወርክ ሊሄድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ነጋዴው በቴሌብር የሚልከውን ቶሎ ይልካል፤ ባንክ የቆመውም «ሲስተም የለም» ሳይባል ጉዳዩን ለመጨረስ ይጣደፋል። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ሁሉ ጥፋተኛው ዝናቡ ነው፤ ዝናብ ደግሞ የማይጠየቅና የማይከሰስ ስለሆነ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በራያ ቆላ መጥፎ አየር ስልክና ኢንተርኔት ሲያቋርጥ የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የተሠራው ዝናቡ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው እላለሁ፤ ያልተፈተሸ ባትሪ፣ ያልታሸገ መጋጠሚያ፣ ወንዝ ዳር ጥልቀት ሳይበቃው የተቀበረ መስመር።

በመጀመሪያ ዝናቡ ራሱ ምን ያህል አቅም እንዳለው እንመልከት። እጃችን ላይ ያለው ስልክ ከታወር ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው ከ3 ጊጋኸርዝ በታች በሆነ ሞገድ ነው፤ 900፣ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለው ሞገድ ዝናብ ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚያጣው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በእርግጥ የሚጎዳም አለ። ፋይበር ያልደረሰበትን ታወር ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ማይክሮዌቭ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ከፍ ባለ ሞገድ ይሠራል፤ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን ዶፍ ዝናብ ምልክቱን እየዋጠ ያዳክመዋል። የሳተላይት ዲሽም እንደዚሁ ነው። ይህ የዝናቡ የራሱ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ዶፉ ሲያባራ አብሮ የሚያባራ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ኔትወርኩ እስከ ማግስቱ ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ መብራት ነው። ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፣ መብረቅ ትራንስፎርመር ይመታል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታወሩ የሚኖረው በባትሪው ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጄኔሬተር ካለ፣ ነዳጅም ካለው ይቀጥላል፤ ከሌለ ይዘጋል። ቆላው ከደጋው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለመጠባበቂያ በስፋት የሚያገለግለው የእርሳስ ባትሪ የሚስማማው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቆቦ በግንቦትና በሰኔ እንዴት እንደምትግል የኖረባት ያውቀዋል፤ ፀሐይ በሚመታው የብረት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ደግሞ ከውጭው አየርም በላይ ይሞቃል። ደጋዋ ደሴ ላይ ሳይደክም ዓመታት የሚያገለግል ባትሪ እዚህ ቀድሞ ያረጃል ማለት ነው። ለሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት የመቀየሪያ ጊዜ ከተያዘ የቆቦው ባትሪ ሳይቀየር ሞቶ ይቆያል፤ መሞቱ የሚታወቀው ግን በሐምሌ፣ የመጀመሪያው ወጀብ መብራቱን ሲወስድ ነው። ሕዝቡም «ዝናቡ ወሰደው» ይላል። ባትሪውን የገደለው የበጋው ሙቀት ነበር።

በመዳብ ሽቦ የሚመጣው የቤትና የቢሮ ኢንተርኔት በሽታው ሌላ ነው። ምሰሶ ላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን አስተውሉ፤ ክዳኗ በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ውስጧ እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች ተጠማዝዘው ተያይዘዋል። ውሃ ሲገባ መጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ምልክቱም ከአንዱ የሽቦ ጥንድ ወደ ሌላው መፍሰስ ይጀምራል። ድምፅ እየተንጫጫም ቢሆን ይሰማል፤ ኢንተርኔቱ ግን ከድምፅ በጣም ከፍ ባለ ሞገድ ስለሚሄድ ቀድሞ ይወድቃል፣ የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ይውላል። ደንበኛው ያመለክታል። ቴክኒሻኑ ሲደርስ ሦስት ቀን ፀሐይ ወጥቶ ሣጥኗ ደርቃለች፤ መስመሩን ይለካል፣ ደህና ነው፣ ብልሽቱ ተጠግኗል ተብሎ ይዘጋል። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ እንደገና አንድ ይባላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አዲስ መጋጠሚያ፣ ውሃ የማያስገባ ክዳን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚመላለስ ብልሽትን ደረቅ ቀን በተወሰደ ልኬት አለመዝጋት።

ከባዱ ጉዳይ ጎርፉ ነው። የቆቦ ሜዳ በስተ ምዕራብ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚደርሱ ተራሮች ሥር የተነጠፈ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆቦ ጠል እንኳ ሳይነካት በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወርዶ ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ራያ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ገበሬው ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል፣ ለዚህም ቦዩንና መከተሪያውን ክረምቱ ሳይገባ ያበጃል። ጎርፉን እንደ ዱብ ዕዳ የሚያይ የራያ ገበሬ የለም። መንገድ ተከትሎ የሚቀበር ፋይበር ግን እነዚህን ወንዞች መሻገር አለበት፣ የወንዞቹም አሸዋ በየክረምቱ ይቦረቦራል፣ ዳርቻቸውም ይናዳል። ዘንድሮ መሬት ውስጥ ያለ ኬብል ከርሞ ተራቁቶ ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያ አንድ ድንጋይ ይበቃዋል። ዋናው መስመር ሲቆረጥ ደግሞ ታወሩ ቆሞ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ከተማው ሁሉ ዝም ይላል፤ በሌላ አቅጣጫ የሚዞር ሁለተኛ መስመር ከሌለ መውጫ የለውም። ይህም የሚሆነው ከምዕራቡ ተራራ፣ ከግዳን ደጋ፣ አንድ ሰው ደውሎ «ወንዙ ሞልቷል፣ ከብቶቹን አውጡ» ማለት በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በጀርመን የአር ሸለቆ ጎርፍ ከ130 በላይ ሰዎች ሲገድል መብራቱም ኬብሉም ተቆርጦ ስለነበር ስልክ አብሮ ወድቋል። ሀብታም አገር መሆን ብቻውን አላዳነም።

«ቆቦን ያቋረጣት ዝናብ ሳይሆን ጦርነት ነው፤ ስለ ባትሪ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋን ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ አስቀርቷታል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ይህ ቁስል ገና ትኩስ ነው። ግን ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የሚጠቅመው መጠገን የሚችለውን ሳይጠግን የተቀመጠን አካል ነው። ጦርነትን ማስቆም ከቴክኒሻን አቅም በላይ ነው፤ የተሰነጠቀ ክዳን መቀየር ግን አይደለም።

የዋጋው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ባትሪ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፣ ነዳጅም እንዲሁ፤ እያንዳንዱን ታወር ለቀናት ማቆየት ለድሃ አገር አይቻልም ይባላል። ለእያንዳንዱ ይሁን የሚል የለም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሞባይል ኩባንያዎች የ72 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል ግዴታ ስትጥል በመላው ግዛቷ አልነበረም፤ የሰደድ እሳት ስጋት ባየለባቸው አካባቢዎች ብቻ ነበር። በራያም ለይቶ መጀመር ይቻላል፤ ከተማውን፣ ሆስፒታሉንና ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቀበሌዎች የሚሸፍኑት ጥቂት ታወሮች ይቅደሙ። በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም መብራት ሲጠፋ ታወራቸው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በየወረዳው እንዲያሳውቁ ይጠይቅ፤ ለቆላ ወረዳዎች የባትሪ ፍተሻ በሙቀቱ ልክ እንዲሆንና ከሰኔ በፊት እንዲጠናቀቅ ያስገድድ።

ለአንባቢም አንድ ነገር አለኝ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይጀምር፣ ሞደሙን ከመብራቱም ከስልክ ሽቦውም ንቀሉት፤ መብረቅ በሁለቱም ይገባል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የጠፋበትን ሰዓት፣ መብራት አብሮ መጥፋት አለመጥፋቱን፣ የተመለሰበትን ሰዓት ጻፉ። «ሁልጊዜ ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ማንም በቀላሉ ያልፈዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም በቀንና በሰዓት የተመዘገበ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ኩባንያው ሂዱ፤ መልስ ካጣችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ውሰዱት።