ደሙ የፈሰሰበት አፈር

ልጅ ሆኜ ቆቦ ሜዳ ላይ ከብት ስጠብቅ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። በሰፈራችን ለሠርግ አንድ ትልቅ የራያ ሰንጋ ታርዷል። ሥጋው ተበልቶ፣ ቆዳው ተሽጦ፣ ሠርገኛው ተበትኗል። በማግስቱ ማለዳ ከብቱን ወደ ሆርማት ወንዝ ሳወርድ ሰንጋው የታረደበት ቦታ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ላም አፍንጫዋን ደም የጠጣው አፈር ላይ ደፋች። ከዚያ አጓራች። ጥጃ ስትጠራ የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የሚጎተት ድምፅ ነው። ሌሎቹ እየሮጡ መጥተው ከበቧት። ወይፈኖቹ አፈሩን በኮቴያቸው እየጫሩ ወደ ጀርባቸው በተኑት። በዱላ ብመታቸው፣ ብጮህባቸው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አያቴ በቁና አመድ ይዘው መጥተው ቦታውን አለበሱት። አራጆቹንም፣ “የወገናቸውን ደም ፊታቸው ዘርግታችሁ ትተዋላችሁ? ነውር አይደለም?” ብለው ተቆጡ።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ ወጣት ዘመዴ በቅርቡ ያነሳው ጥያቄ ነው። “እንስሳ የሚያዝንና የሚራራ ከሆነ ደግነት ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ቄስና ያለ ሼህ ይገኛል ማለት ነው። ታዲያ ሃይማኖት ምን ሊጨምርልን ነው?” አለኝ።

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በማኅበር የሚኖር እንስሳ አእምሮው የሰውን ያህል ቢያድግ ኅሊና ማብቀሉ እንደማይቀር ጽፏል። በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ከመንጋው አለቃ ተደብቀው የሚገናኙ ወንድና ሴት አለቃው ራቅ እስኪል እንደሚጠብቁና ድምፃቸውን እንደሚያፍኑ፣ ሲደረስባቸውም እንደሚቀጡ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በከፋ፣ ቢታ ገነት አካባቢ፣ ሦስት አንበሶች አንዲት የተጠለፈች ልጅ ከጠላፊዎቿ አስጥለው ፖሊስ እስኪደርስ ጠበቋት የተባለውንም ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። እኔ በዚህኛው አልደገፍም። የልጅቱ ልቅሶ የደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል ያሉ ባለሙያ ነበሩ፤ ሊሆን ይችላል። የእኛም ከብቶች በደሙ ሽታ ደንግጠው ይሆን ይሆናል። ያቺን ላም በዓይኑ ያየ ሰው ግን ድንጋጤ ብቻ ነው ብሎ ለማለፍ ይቸገራል።

ሆኖም ጥያቄው ቤተ ክርስቲያንንም መስጊድንም የሚያስደነግጥ አይመስለኝም። የኦርቶዶክስ ትምህርት ከሕገ ኦሪት በፊት ሕገ ልቡና ነበረ ይላል። አቤልም፣ ኖኅም፣ አብርሃምም የተጻፈ ሕግ ሳይኖራቸው ነው መልካም የሠሩት። እስልምናም ሰው ሲወለድ ይዞት ስለሚመጣው ፊጥራ፣ ስለ ተፈጥሯዊው ቅን ዝንባሌ፣ ያስተምራል። ደግነት በብራና ላይ ተጀመረ ያለን የለም። ሰውና እንስሳ አንድ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ሊቃውንቱ የሰው ነፍስ ነባቢት (ተናጋሪ)፣ ለባዊት (አስተዋይ) እና ሕያዊት (የማትሞት) ናት፣ የእንስሳ ነፍስ ግን ደማዊት፣ በደሟ ያለች ናት ብለው ይለያሉ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያለበሱት ግን ደም ብቻ እንዳልሆነ ያወቁ ይመስለኛል።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ቢላዋቸውን የሚስሉት ከጓሮ ነበር፤ በጉ እንዳያይ። ቢላዋ በሚታረደው ፊት አይሳልም፣ አንዱ በሌላው ፊት አይታረድም፣ ይሉን ነበር። ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውኃ ቀድታ ስላጠጣች ኃጢአቷ የተማረላትን ሴት ታሪክ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። እቤት ስገባ አያቴ የበላዔ ሰብን ይነግሩኛል፤ 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተማጸነው ድውይ በሰጠው አንድ ጥርኝ ውኃ የዳነውን። ክረምቱ ሲከዳ ማሽላው በቁሙ የሚደርቅበት አገር ላደገ ልጅ የሁለቱ ውኃ አንድ ነው። ያን ጊዜ አልለየኋቸውም፤ ዛሬም መለየት አልፈልግም።

ለዘመዴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ሃይማኖት ደግነትን ፈጠርኩት አይልም። የሚጨምረው ተጠያቂነትን ነው። በኦሪት ሰው ወግቶ የገደለ በሬ ይወገራል፤ ባለቤቱ ተዋጊነቱን እያወቀ ካልጠበቀው ግን እሱም በሞት ይጠየቃል። በእስልምናም በፍርዱ ቀን ቀንድ የሌላት በግ ከወጋቻት ባለ ቀንድ መብቷን ታገኛለች። ፍርድ እስከ እንስሳት ይደርሳል ማለት ነው። ንስሐና ተውባ ግን የሰው ናቸው። ላሚቱ ታዝናለች፤ ስላደረገችው ነገር ተጠይቃ ይቅርታ መለመን ግን አትችልም። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ገዳዮቹን “አውሬ” ያልን ብዙ ነን። አሁን ሳስበው ቃሉ የሚያቃልልላቸው ይመስለኛል። አውሬ ስለ ሥራው መልስ ስጥ አይባልም፤ እነሱ ግን ሰዎች ናቸው፣ ይጠየቃሉ።

እኛም እንጠየቃለን፤ ከትንሹ ጀምሮ። በገበያ ቀን ጀርባዋ ቆስሎ ዝንብ የወረራት አህያ ላይ ሁለት ጆንያ የሚጭን ሰው አያለሁ። ጤፍ ሲበራይ ቀኑን ሙሉ የሚዞረውን በሬ አፉን የሚያስርም አለ፤ ኦሪት ይህን በግልጽ የከለከለው መሆኑን እያወቀ። ቅዳሴ ወይም ሶላት የማይቀርበት ሰው ነው ይህን የሚያደርገው።

የአገሬ ሰዎች፣ ዘንድሮ አውድማ ስትወርዱ የበሬውን አፍ ፍቱለት። ሰንጋ ስታርዱም ደሙን አፈር አልብሱት፤ በማግስቱ በዚያ የሚያልፉ አሉ።